የአቤ ወንበር

ሰባት ዓመቴ ላይ በመኪናችን የፊት ወንበር አንድ የማይታይ ሰው መቀመጥ ጀመረ። ይህን ለሰው ስናገር ይስቁብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ከመሳቅ ሌላ ምን ይደረጋል። ግን እስከ ዛሬ ድረስ በዝናብ ቀን ከቆመ መኪና አጠገብ ሳልፍ መስታወቱ ከውስጥ በኩል ጉም ለብሶ ካየሁ እግሬ ሳላዘው ይፈጥናል።

መኪናዋ አሮጌ ሰማያዊ ኦፔል ነበረች። እኔና እናቴ ሰናይት ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት፣ ኡንተርሊደርባህ በሚባል ሰፈር ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ቤት እንኖር ነበር። አባት የሚባል ሰው በቤታችን ታሪክ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ እዚህም አይገባም። እናቴ ቦርንሃይም ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ሽማግሌ ጀርመኖችን እያጠበች፣ እያለበሰች፣ መድኃኒት እየሰጠች ሙያውን ሦስት ዓመት ተምራለች። የቀራት አንድ ፕሩፉንግ ነበር፤ የመጨረሻው ፈተና። ካለፈች የሙያ ወረቀት በእጇ ይገባል፣ የመኖሪያ ፈቃድ ለማሳደስ በየዓመቱ በውጭ ዜጎች ቢሮ በር ላይ መንቀጥቀጥ ይቀራል። ስለመውደቅ ደግሞ በቤታችን አይወራም።

ከፈተናው ሌላ የምንጠብቀው አቤን ነበር።

አቤ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። በአካል አይቼው አላውቅም። በፎቶ ቀጭን፣ ዓይኑ ትልልቅ፣ ሁልጊዜ ሊስቅ ሲል የተነሣ የሚመስል ልጅ ነው። በዚያ ዓመት ከአዲስ አበባ ወጥቶ ካርቱም፣ ከካርቱም ሊቢያ ገባ። ለገና ከትሪፖሊ ደውሎ፣ "እትዬ፣ በዚህ ሳምንት እንሻገራለን፤ ጸልዪልኝ" አለ። ከዚያ ወዲህ ሰባት ሳምንት ሙሉ ድምፁ ጠፋ። እናቴ ገላዋን ስትታጠብ እንኳ ሀንዲዋን፣ የእጅ ስልኳን፣ የሳሙና ማስቀመጫው ላይ ታስቀምጠው ነበር።

የፊት ወንበር የእሱ ነበረ። "ለምን ከፊት አልቀመጥም?" ብዬ ስነዘንዛት፣ እንደ ሌሎች እናቶች ሕግና ፖሊስ አትጠራብኝም። "እሱ የአቤ ነው። ሲመጣ ከፊት አስቀምጬ ከተማውን አሳየዋለሁ። እስከዚያ አንቺ ከኋላ" ትለኛለች። አንድ ቀን፣ "ካልመጣስ?" አልኳት። ዳር ይዛ አቆመችና ዞራ አየችኝ። "ሁለተኛ እንዲህ እንዳትይ" አለች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ለዚያም ነው የፈራሁት።

ነገሩ የጀመረው በየካቲት መጨረሻ፣ በጋሽ ኢስማዒል ጋራዥ ውስጥ ነው። ጋሽ ኢስማዒል ኤርትራዊ ናቸው። በጃንሆይ ጊዜ አስመራ በአማርኛ ተምረው፣ አዲስ አበባ አውቶቡስ ሲጠግኑ ኖረው፣ ፍራንክፈርት ከገቡ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነበር። አማርኛቸው ከእናቴ አማርኛ ይልቅ የታጠፈና የተተኮሰ ነው። የቀኝ እጃቸው ትንሿ ጣት የለችም፤ የአውቶቡስ ሞተር ቺንጋ ወስዷት ነው። እናቴ እኔን በሆዷ ይዛ ከስደተኞች ማረፊያ ስትወጣ የተቀበሏት እርሳቸውና ባለቤታቸው አደይ ሳፍያ ናቸው። እነሱ እስላም፣ እሷ ክርስቲያን፤ ይህ በመሃላቸው ገብቶ አያውቅም። አባት የላትምና አባቷ ሆኑ።

ለቱፍ፣ በየሁለት ዓመቱ ለሚደረገው የመኪና ምርመራ፣ እንዲያዘጋጇት መኪናዋን ጠዋት አስረክበናቸዋል። ቀጠሯችን ለአሥር ሰዓት ነበር፤ የእናቴ ትምህርት ቀድሞ አለቀና ስምንት ተኩል ላይ ደረስን። እኔ ሮጬ ቀድሜ ገባሁ። ኮፋኖው ተከፍቶ ጋሽ ኢስማዒል ከመኪናችን ላይ አጎንብሰዋል። አጠገባቸው የሌላ ሰው የሚመስል ሰፊ ጃኬት የለበሰ ቀጭን ወጣት ቆሟል። ቀና ብሎ አየኝና ፊቱ ተለዋወጠ።

"ልዕልት" አለ።

አልጠራኝም። ሰው የተጻፈ ነገር ሲያነብ እንደሚለው ነው ያለው። ስሜን ማን ነገረው?

ጋሽ ኢስማዒል ከኋላዬ የእናቴን ጫማ ሰሙ። በእጃቸው የነበረውን ጥቁር ነገር ከፊት መስታወቱ ሥር ወዳለ ቀዳዳ ሲከቱት አየሁ፤ በላዩ ክዳን ጫኑበት፤ ኮፋኖው ጓ ብሎ ተዘጋ።

"ጓለይ!" አሉ። በትግርኛ ልጄ ማለት ነው፤ እናቴን ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሏት። "ምነው በጊዜ? ገና አልጨረስኩም። ነገ ውሰጃት።"

"ነገ ፍሩህዲንስት ነኝ፣ ጋሼ። በማለዳ ነው የምገባው፣ ያለ መኪና አልደርስም። ቱፉን አላለፈችም እንዴ?"

"አልፋለች፣ ግን..."

"ካለፈችማ ቁልፉን ስጡኝ።"

ቁልፉን ዘረጉላት፣ መልሰው ያዙት፣ በመጨረሻ ሰጧት። ቅባት ባለበት እጃቸው ነጭ ጢማቸውን ሲያሹት ጢማቸው ጠቆረ። እኔ ሳቅሁ። ሌላ የሳቀ የለም።

"ልጁ ማነው?" አለች እናቴ።

"የቱ ልጅ? እ፣ እሱ... ሥራ ፈላጊ ነው።"

ዞር ስል ወጣቱ የለም። በሩ አንድ ነው፤ እኛ የቆምንበት። በአጠገባችን አላለፈም። ቀጭን፣ ዓይኑ ትልልቅ፣ ስሜን የሚያውቅ ሰው ከመኪናችን አጠገብ ቆሞ ነበር፤ አሁን የለም። እንግዲህ የት ገባ? ጋራዡ አደይ ሳፍያ ሻይ የሚያመጡበት የኋላ በር እንዳለው ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ማሞቂያውን ከፈተች፤ መኪናዋም ማንሾካሾክ ጀመረች። ከፊት፣ ከአቤ ወንበር በኩል፣ አንድ ሰው ጥርሱን ገጥሞ በጆሮ የሚያወራ ይመስል ነበር። ሽሽሽ፣ ሽፍ፣ ሽፍ። ማሞቂያውን ስታጠፋው ዝም ይላል፤ ስትከፍተው ይቀጥላል። አቤ በርዶታል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

በሦስተኛው ቀን ዝናብ ጣለና አላቆም አለ። በማግስቱ ጠዋት ስንወርድ በመንገዱ ዳር ከተደረደሩት መኪናዎች ሁሉ የእኛ ብቻ መስታወቷ ከውስጥ ጉም ለብሷል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ሲተነፍስባት ያደረ ትመስላለች። በአቤ በኩል ባለው መስታወት ላይ ደግሞ በጉሙ መሃል አንድ የእጅ መዳፍ ነበረ። ትልቅ፣ ጥርት ያለ፣ አራት ጣት ብቻ ያለው። አምስተኛዋን ባሕር በልቷታል አልኩ። ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ሴቶቹ፣ "ይሄ ባሕር ስንቱን በላ" ሲሉ ሰምቼ ነበርና።

የጋሽ ኢስማዒልን እጅ በየሳምንቱ እየጨበጥኩ አድጌ ሁለቱን አላገናኘሁም። ቅባት የነካው መዳፍ መስታወት ላይ ካረፈ ደረቁን ቀን አይታይም፤ ጉም ሲለብስ ብቅ ይላል። ይህን አሁን አውቀዋለሁ። ያኔ ግን ያንን መዳፍ ባየሁ ቁጥር በፍርሃትና በደስታ መካከል ሆኜ የኋላ ወንበሬ ላይ ኩርምት እል ነበር።

ከዚያ ውሃው መጣ። በአቤ ወንበር ሥር ያለው ምንጣፍ ሲረገጥ ጭቅ ይላል። ከኋላ ደረቅ ነው፣ በእናቴ በኩልም ደረቅ ነው፤ እሱ እግሩን በሚያሳርፍበት ብቻ ውሃ አለ። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው እርጥብ ነው የሚሆነው። ለሰባት ዓመት ልጅ ይህ ማስረጃ የሚያሻው ነገር አይደለም።

"ማማ፣ ዳ ፎርነ ዚትስት ዬማንድ" አልኳት፤ ከፊት ሰው ተቀምጧል ማለቴ ነው። ስፈራ ጀርመንኛ ይቀናኝ ነበር።

"በአማርኛ።"

"አቤ መጥቷል።"

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ትንሽ ነዳችና፣ "ምን ይላል?" አለችኝ።

"አይሰማም። ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው።"

ማሞቂያውን አጠፋች። ዝም አለ። ሁለት መብራት ካለፍን በኋላ እጇን ዘርግታ ራሷ መልሳ ከፈተችው። ያን ቀን እስከ ትምህርት ቤቴ ድረስ ሁለታችንም እናዳምጥ ነበር።

ከዚያ ጀምሮ በየጠዋቱ አሮጌ ፎጣ ከቤት ይዛ ትወርድና በወንበሩ ሥር ታነጥፋለች፤ ማታ ጨምቃ በቤታችን ራዲያተር ላይ ትሰቅለዋለች። እኔ ደግሞ እሷ ሳታየኝ የምሳ ዳቦዬን ግማሽ ወንበሩ ላይ አስቀምጥ ነበር። አይበላውም፤ በእርጥበቱ ይሻግታል። ምናልባት አይብ አይወድ ይሆናል ብዬ በቅቤ ብቻ ለወጥኩለት።

ዛሬ ሳስበው የሚገርመኝ ውሃው አይደለም። እናቴ መኪናዋ ሲያስላት ወደ ጋሽ ኢስማዒል የምትሮጥ ሰው ናት፤ በዚያ ሰሞን ግን በጋራዡ መንገድ እንኳ አታልፍም። እርሳቸው ይደውላሉ፣ አታነሣም። ስልኩ ላይ፣ "ጓለይ፣ ፍሬኑን ደግሜ ልየው፣ ለአምስት ደቂቃ አምጫት" የሚል መልእክት ያስቀራሉ፤ ሰምታ ታጠፋዋለች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄድም ቀረ። "ጥናት አለብኝ" ትላለች። ጥናቱስ ነበረባት።

ሰዉ ግን ወደ ቤታችን ይመጣ ጀመር። እትዬ ዘርፈሽዋል የምትባል፣ አየር ማረፊያ የምታጸዳ፣ በምላሷ ፍራንክፈርትን የምታንቀጠቅጥ ሴትዮ ነበረች፤ እናቴን ሐሜት ካልሆነ በቀር ሰጥታት አታውቅም። እሷ በየሁለት ቀኑ ሽሮና ምስር ወጥ በሳህን ተሸክማ ትመጣ ጀመረች። እናቴን ስማ ስትወጣ ደረጃው ላይ አፏን በነጠላዋ ይዛ ስታለቅስ አየኋት። አንድ ከሰዓት እናቴ ክፍሏ ዘግታ ስታጠና፣ እሷና አደይ ሳፍያ ወጥ ቤት ቆመው ያወራሉ። እኔ ጠረጴዛው ሥር ነበርኩ።

"አሥራ አራት ቀን ነው የቀራት" ይላሉ አደይ ሳፍያ። "ሦስት ዓመት የለፋችበትን በአንድ ጠዋት እናፍርስባት? ፈተናውን ትጨርስ።"

"ብትሰማስ? ከሜዳ ብትሰማስ?"

"ኢስማዒል መኪናዋ ውስጥ ያለው ሳይወጣ እንቅልፍ የለኝም ብሏል። ቆሞ ነው የሚያድር።"

እነሱም ያውቃሉ! አቤ መኪናችን ውስጥ እንዳለ ያውቃሉ፣ ሊያስወጡትም ነው። እንዲያስወጡብኝ አልፈለግሁም። ፈርቼው ነበር፣ ወድጄውም ነበር፤ ከእናቴ በቀር የነበረኝ ዘመድ እሱ ብቻ ነው።

ጋሽ ኢስማዒል በሁለተኛው ቀን መጡ። በመስኮት አየኋቸው። በዝናቡ ውስጥ መኪናችንን ሲዞሯት፣ በኮፋኖው ላይ እጃቸውን ዘርግተው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ፣ ደግመው ሲዞሯት። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ አቤን በጸሎት ሊያስወጡት መሰለኝ። አሁን ኮፋኖ የሚከፈተው ከመኪናው ውስጥ በኩል መሆኑን አውቃለሁ፤ ሽማግሌው ጣታቸውን ከሥሩ ለማስገባት ቀዳዳ እየፈለጉ ነበር። ይጸልዩም እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። ከኋላዬ እናቴ መጋረጃውን ይዛ ቆማለች። ደወሉ ሲጮህ ትከሻዬን ጨበጠችና፣ "ዝም በይ፣ የለንም" አለችኝ በሹክሹክታ። ሁለቴ ደግመው ደውለው ሄዱ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። በዚያ ሰሞን ከኒደርራድ ቢሮ አጽጂዎች እስከ አየር ማረፊያ ሠራተኞች የአቤን ነገር ያልሰማ ሐበሻ ፍራንክፈርት ውስጥ አልነበረም፤ ከእናቴ በቀር። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲያ ይመስለኝ ነበር። በቅርቡ ግን፣ ኮሌጅ ከጨረስኩ በኋላ፣ ሳህን እያጠብን ሳለ ሳላስበው፣ "ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ደግ ሲሆንብሽ ምን ማለት እንደሆነ ሳላውቅ ያደግሁ መሰለሽ?" አለችኝ። "ዘርፈሽዋል ሽሮ ይዛ ስትመጣ በሩን እንደከፈትኩ ነው ያወቅሁት። ግን ያልተነገረኝን አልሰማሁም። ካልሰማሁ ደግሞ ለፈተና እቀመጣለሁ።"

በመጋቢት መጀመሪያ አንድ ጠዋት ማይንሰር ላንድሽትራሰ የሚባለው ጎዳና ላይ ልንሞት ነበር። ዝናቡ በባልዲ ይወርዳል፣ ጉሙ ከመስታወቱ አልለቅ ብሏል፣ እናቴ በአንድ እጇ ትነዳለች በሌላው ትጠርጋለች። ትራሙን አላየችውም። ደወሉ በጆሯችን ሲጮህ ፍሬኑን ረገጠችው፤ በአቤ ወንበር ሥር የተጠራቀመው ውሃ ወደ ፊት ሄዶ ተመልሶ ሲመታ ሰማሁት። ትራሙ ካፍንጫችን ፊት አለፈ።

እናቴ ወደ ባዶው ወንበር ዞረች። "ልጄን ልታስጨርሰኝ ነው?" ብላ ጮኸች። ከዚያ ግንባሯን መሪው ላይ አሳረፈች። ከኋላ ጡሩንባ ይነፋል። "ዘጠኝ ቀን ነው የቀረኝ" አለችው፣ ልጅ በሚለመንበት ድምፅ። "ዘጠኝ ቀን ታገሰኝ፣ አቤዬ። ከዚያ እሰማሃለሁ።"

ከፈተናው በኋላ ሊገለጥልን ቃል የገባ መሰለኝ። ያን ሳምንት ቀን ቆጠርኩ፤ እንደ ልደቴ።

የፈተናዋ ዕለት ጥቁር ኮት ለብሳ፣ ከሥራ ባልደረቦቿ የተሰጣትን ቢጫ አበባ ይዛ ከሆርት፣ ከትምህርት በኋላ ከምቆይበት፣ ልትወስደኝ መጣች። አልፋለች። ኬክ እንበላለን ብዬ ነበር። አበባውን በአቤ ወንበር ላይ አስቀመጠችና ቀበቶዋን አስራ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ነዳች። መንገዱን ሙሉ ማሞቂያው ክፍት ነበር። ሽፍ፣ ሽፍ ይላል። አንድ ጊዜ፣ "እሺ፣ መጣን" አለችው።

ጋሽ ኢስማዒል በር ላይ ቆመው መኪናዋን ሲያዩ በእጃቸው የነበረው ካቻቢቴ ወደቀ።

"ጋሽ ኢስማዒል፣ ፈተናዬን አልፌያለሁ" አለች።

"አልሐምዱሊላህ፣ ጓለይ። አልሐምዱሊላህ።"

"አሁን ውሃው ከየት እንደሚገባ ፈልጉልኝ።"

ሽማግሌው አዩዋት። እሷም አየቻቸው። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞረው፣ "ሳፍያ! ነይማ!" ብለው ተጣሩ፤ በትግርኛ የሆነ ነገር ነገሯቸው፤ አደይ ሳፍያ ስልክ አንሥተው ገቡ። ጋሽ ኢስማዒል ለእናቴ ወንበር አመጡላት። "ተቀመጪ" አሉ። "ይሄ ቶሎ የሚገኝ ብልሽት አይደለም።"

ብልሽቱ የት እንዳለ ያውቁ ነበር። በዓለም ላይ ከእርሳቸው የተሻለ የሚያውቀው አልነበረም። ግን መርዶ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው አይነገርም፤ ሰው እስኪሰበሰብ ጊዜ ማግኘት ነበረባቸው። ጊዜ ማግኛቸው ደግሞ ሥራቸው ነው። ስለዚህ የሚያውቁትን ብልሽት ከሀ ጀምረው መፈለግ ጀመሩ።

ምንጣፉን ገልጠው በባትሪ አዩ። የበሩን ጎማ ዙሪያውን በጣታቸው ዳሰሱ፤ በጆግ ውሃ አፈሰሱበት፤ ጠበቁ፤ ደረቅ ነው። "ከበሩ አይደለም" አሉ። ከወለሉ ውሃ በጣታቸው ነክረው አሸተቱ፣ ምላሳቸው ላይ አደረጉት። "ከሞተሩ ቢሆን ይጣፍጥ ነበር። የማቀዝቀዣው ውሃ ጣፋጭ ነው።"

"ጨው አለው?" አልኳቸው።

አደይ ሳፍያ በሩ ላይ ቆመው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች።

"የለውም፣ የኔ ልጅ" አሉ ጋሽ ኢስማዒል ቀስ ብለው። "የዝናብ ውሃ ነው።"

ሰዎች መምጣት ጀመሩ። እትዬ ዘርፈሽዋል ከነሥራ ልብሷ፣ በላዩ ነጠላ ጣል አድርጋ። ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሽማግሌዎች። ሌሎችም፣ አንድ አንድ እያሉ፣ ማንም ሰላምታ ሳይሰጥ ግድግዳውን ይዞ ይቆማል። አንዲት ኦፔል ለመጠገን ይህን ያህል ሰው! ያኔ ገባኝ፤ አቤን ሊያስወጡት ነው የመጡት። ማንም ሳያየኝ መኪናው ውስጥ ገባሁና የኋላውን በር ቆለፍኩ፤ ከኋላ ሆኜ የፊተኛውን ወንበር ከነአበባው በሁለት ክንዴ አቀፍኩት።

ጋሽ ኢስማዒል አትክልት ማጠጫ ይዘው መጡ። የፊት መስታወቱ ላይ መጀመሪያ በእናቴ በኩል አፈሰሱ፤ ጠበቁ። ከዚያ በአቤ በኩል። ውሃው በመስታወቱ ላይ ሲወርድ ከውጭ የቆሙት ሰዎች ሁሉ ቀለጡ፤ ነጫጭ ነጠላቸው ይዋልላል፣ ፊታቸው ይረዝማል፣ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ከውሃ በታች ሆኜ ሰዎችን ቀና ብዬ የማይ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ፍርሃት ከዚያ ወዲህ ይዞኝ አያውቅም። በዚያው ቅጽበት ከፊቴ ከጓንት ማስቀመጫው ሥር አንድ ጠብታ ወረደች። ሌላ። ከዚያ እንደ ክር ሆኖ ወረደ።

"ልዕልት" አሉ ጋሽ ኢስማዒል፣ ፊታቸውን መስታወቱ ላይ አስጠግተው፤ በመዳፉ ምልክት ላይ እጃቸውን ሲያሳርፉ ልክ ገጠመ። "ከየት ነው የሚገባው?"

በጣቴ አሳየኋቸው። የእናቴ በር አልተቆለፈም ነበር፤ እሱን ከፍተው በዚያ በኩል እጃቸውን ሰድደው ኮፋኖውን ከፈቱ።

መስታወቱ ሥር ያለው፣ ወደ ውስጥ የሚገባው አየር የሚጣራበት ሳጥን ነው። ክዳኑን አነሡ። "ጥፋቱ የኔ ነው" ሲሉ በክፍቱ በር ሰማኋቸው። "በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ክዳን ሳልገጥም ያወጣሁት መኪና ይቺ ብቻ ናት። ድንገት ስትደርሺ እዚህ ደበቅሁት፤ ከሥሩ ነገር ስለነበረ ጎማው አልያዘም።" ከዚያ ጥቁሩን ነገር አወጡና በሁለት እጃቸው፣ ዝቅ ብለው፣ ለእናቴ ሰጧት። በቴፕ የተጠቀለለ ፌስታል ነበረ። የተፈታው ጫፉ በነፋሱ ተንቀሳቀሰ። ሽፍ፣ ሽፍ አለ።

ከግድግዳው ሥር ያ ቀጭን ወጣት ወጣ። ሀይለየሱስ ይባላል፤ ዛሬ በየዓመቱ ለፋሲካ ቤታችን የሚመጣ ሰው ነው። "ውሃ ልቅዳ፣ እስከዚያ ያዝልኝ ብሎኝ ነው፣ እትዬ" አለ። "ጀልባው ውስጥ የገባውን ውሃ በተራ እንቀዳ ነበር። የእሱ ተራ ነበረ።"

እናቴ ፌስታሉን በጥርሷ ቀደደችው። የአቤ ማተብ ነበረ፣ ከነትንሿ የእንጨት መስቀሉ። አንድ ፎቶም ነበረ፤ ካርቱም ኢንተርኔት ቤት በወረቀት ያሳተመው፣ ጠርዙ ጨው የበላው። አንደኛ ክፍል የገባሁ ቀን፣ እዚህ ለአዲስ ተማሪ የሚሰጠውን፣ ከእኔ ቁመት የሚስተካከል የከረሜላ ቀንድ ታቅፌ እስቃለሁ። በጀርባው በእስክሪብቶ፣ "ልዕልት፣ የእህቴ ልጅ" ይላል፣ ከሥሩም ስልካችን።

እናቴ ጮኸች። ሴቶቹ ከየአቅጣጫው ያዟት። እኔ በመኪናው ውስጥ ወንበሩን እንዳቀፍኩ አለቀስኩ፤ እሷ ስለምታለቅስ አልነበረም። ሹክሹክታው በመቆሙ ነው። ወሰዱብኝ ብዬ ነው።

ለቅሶው በእነ ጋሽ ኢስማዒል ቤት ሦስት ቀን ተቀመጠ። እርሳቸው በመካከል እየተነሡ ወደ ጋራዥ ይወርዳሉ፤ ክዳኑን ገጥመው፣ በመዳፋቸው ቀጭ እስኪል ተጭነው፣ ውሃ አፍስሰው፣ ወለሉን በደረቅ ጨርቅ ይዳስሳሉ። አንዴ የገባ ውሃ ደግሞ እንዳይገባ አምስት ጊዜ ፈተሹት። ምንጣፉን አውጥተው በምድጃ ዳር አደረቁት። የመስታወቱን መዳፍም አጠቡት።

በአራተኛው ቀን ጠዋት እናቴ ጥቁር ለብሳ ወደ መኪናዋ ወረድን። የኋላውን በር ልከፍት ስል፣ "ቆይ" አለችኝ። የልጅ መቀመጫዬን ከኋላ አንሥታ ከፊት አደረገችው። "ግቢ።"

"ከፊት?"

"ከፊት።"

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ይህን ለመናገር እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፣ ግን እውነቱ ይህ ነው፤ በዓለም ላይ የእኔን ያህል ደስ ያለው ልጅ አልነበረም። እግሬ ወለሉ ላይ አይደርስም፤ ወለሉ ደረቅ ነው። ማሞቂያውን ከፈተች፤ ንጹሕ ሙቅ አየር ብቻ መጣ። በየጠዋቱ የምትሄድበትን መንገድ ትታ በወንዙ ዳር ነዳች፣ ቀስ ብላ፣ ስትነዳ እንዲያ ቀስ ብላ አታውቅም።

"ይሄ ማይን ነው" አለች። "እነዚያ ትልልቆቹ ፎቆች ባንኮች ናቸው። በዚያ ድልድይ ተሻግረሽ ስትሄጂ ገበያ አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ።"

"ማማ፣ አውቀዋለሁ እኮ!" አልኳት እየሳቅሁ። "እዚህ ነው የተወለድኩት!"

አልሰማችኝም። ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ "ያ ደግሞ ባቡር ጣቢያው ነው" አለች። "ከባቡር ስትወርድ ሰው ይበዛብሃል፣ እንዳትደነግጥ። እኔ በሩ ጋ እጠብቅሃለሁ።"